«ማቃጠል» እና «ሳይነቅሉ መጻፍ»፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

ፕሮግራምን በቺፕ ላይ ማስፈር በእንግሊዝኛ «ማቃጠል» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ስያሜው መነሻው ላይ እውነት ነበረው። ዌን ጺንግ ቻው እ.ኤ.አ. በ1956 በፈለሰፈው የማኅደረ ትውስታ ዓይነት ውስጥ ቀጫጭን አገናኞች በኤሌክትሪክ ኃይል በእርግጥ ይቃጠሉ ነበርና፤ የተቃጠለውም አይመለስም ነበር። በ1971 ዶቭ ፍሮህማን በኢንቴል ያስገኘው ማኅደር ግን በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚፋቅ ሆነ፤ ግብሩ ሲለወጥ ቃሉ ባለበት ቀረ። ለመፋቅም ቺፑን ከሰሌዳው መንቀል የተለመደ ነበር።

በ1993 የወጣው ፒክ 16ሲ84 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር በኤሌክትሪክ የሚፋቅ ነው። ከሰሌዳው ጋር እንደተበየደ፣ ሁለት እግሮቹ ዝቅተኛ ቮልት ላይ ሳሉ የዳግም ማስነሻ እግሩ 13 ቮልት ገደማ ሲደርሰው፣ ወደ ፕሮግራም መቀበያ ሁኔታ ይገባል፤ ፕሮግራሙም በእነዚሁ ሁለት እግሮች አማካይነት በተራ ይተላለፋል። ስለዚህ ይህ ቮልት ሌሎቹን የሰሌዳ ክፍሎች እንዳይጎዳ አስቀድሞ መከላከያ ሊበጅለት ይገባል።

ተርጓሚው «ቺፑን አቃጥል» ብሎ ቢጽፍ፣ የአማርኛ አንባቢ የሚረዳው ማበላሸትን ነው። «ኢን ሲስተም» የሚለውንም «በሥርዓት መጻፍ» ቢለው፣ በወጉ መጻፍ ማለት ይሆንበታል። ባለሙያው መመሪያውን አምኖ ቮልት በሚለቅበት ሥራ፣ የቃል ስሕተት የዕቃ ጥፋት ያስከትላል። ስለሆነም ለመጀመሪያው «መጻፍ»፣ ለሁለተኛው «ሳይነቅሉ መጻፍ» የሚሉትን እናቀርባለን፤ የኋለኛው የአሠራሩን ታሪክ ጭምር ይዟልና።