ባርገሞ እና ዋዴሳ፦ ወለጋ ዛፎቿን በስም ታውቃለች?

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ለሚያድግ ልጅ ባሕር ዛፍ የአገሩ ተክል ነው። ስሙ ግን እንግድነቱን አይደብቅም። ባሕር ዛፍ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ ኦሮምኛው ባርገሞም ያንኑ ይናገራል። ትውልዱ አውስትራሊያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። አዲሲቱ አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ደን ለማገዶ ጨርሳ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህ ጠባዩ አገር አዳረሰ።

ጥድም ሁለት ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለስላሳና ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ግን እንደ እንጨት የጠነከረ ፍሬ ያፈራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን አያምታታም።

ስም ብቻውን ግን አይበቃም። የወፍ ቆሎ የሚለው ስም አገርኛ ይመስላል፤ ተክሉ ግን ከአሜሪካ የመጣ ወራሪ ቁጥቋጦ ነው፣ ዘሩንም ወፎች ይበትኑለታል። በቆሎም የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ነው፤ በድሮው አማርኛ የባሕር ማሽላ ይባል ነበር። ዛሬ የወለጋ ጎተራ ያለ በቆሎ አይታሰብም። ስለዚህ እንግዳ ሁሉ ጠላት አይደለም። ጥያቄው ማን ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ኦሮምኛ ዋዴሳ የሚለው ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናል፣ በነጭ አበባው ንብ ይቀልባል፣ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። ባሕር ዛፍ አጣናና ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ የቡና ጥላ ግን አይሆንም።

ይህን ለመለየት የሚረዳ ሥራ አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ተዘጋጅቶ 6,000 ያህል ተክሎችን በስምንት ቅጾች ይዟል። ወለጋንም ራሱን የቻለ ክልል አድርጎ ስለሚቆጥር፣ የትኛው ተክል እዚያ እንደተገኘ ማየት ይቻላል። ችግሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ለነቀምቴ ተማሪም ሆነ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሩቅ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ቁጥሩን ሁሉም ያስታውሳል። ስንቱ ዋንዛ፣ ስንቱ ባሕር ዛፍ እንደነበር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በየወረዳው የሚወጣው ሪፖርት ከብዛቱ ጎን የዛፉን ስም ቢጽፍ፣ ትምህርት ቤቶችም የአካባቢውን ዛፍ በኦሮምኛና በአማርኛ ስሙ ቢያስተምሩ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ስሙ የተረሳ ዛፍ ሲቆረጥ የሚጮህለት የለም።