እህልና መንበር፤ በጥንታዊት ግብጽ የመቃብር ሠራተኞች አድማ

ስለ ጥንታውያን ሥልጣኔዎች የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከንጉሡ ሐውልትና ከቤተ መቅደሱ ግንብ ይነሣል። ነገር ግን ንጉሥ ያስቀረጸው ጽሑፍ ኀይሉን እንጂ ጕድለቱን አይናገርምና፥ ሥልጣን በተራው ሰው ኑሮ ላይ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ለማወቅ ወደ ሌላ ዐይነት ማስረጃ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን የመሰለ ማስረጃ በብዛት ከተገኘባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ፥ በላይኛው ግብጽ ከሉክሶር ፊት ለፊት በዓባይ ምዕራብ ያለው ዴር ኤል መዲና የተባለው መንደር ነው።

የመንደሩ ነዋሪዎች በነገሥታት ሸለቆ የፈርዖኖችን መቃብር የሚፈለፍሉ ድንጋይ ጠራቢዎች፥ ሠዓሊዎችና ጸሓፊዎች ነበሩ። እንደ መርከበኞች በቀኝና በግራ ተከፍለው፥ ዐሥር ቀን በሆነው ሳምንታቸው 8 ቀን ሠርተው 2 ቀን ያርፉ ነበር። መንደሩ በደረቅ ምድር ላይ ስለ ተሠራ ውሃ እንኳ በአህያ ተጭኖ ይመጣላቸው ነበር። የተመታ ገንዘብ ገና ስላልነበረ ደመወዛቸው እህል ነው፤ ለአንድ ተራ ሠራተኛ በወር 4 ከር አጃና 1 ከር ተኩል ገብስ ይሰፈርለት ነበር። አንዱ ከር 76 ሊትር ያህል ይይዛል። አጃው፥ ማለት በአገራችንም እስከ ዛሬ የሚዘራው የስንዴ ወገን፥ ለዳቦ፤ ገብሱ ለጠላ ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ስለማያርስ የቤተ ሰቡ ምግብ ከሞላ ጐደል በመንግሥቱ እጅ ነበረ።

ሃይማኖታቸውም ከዚህ ኑሮ የተለየ አልነበረም። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ አምላክ የተቈጠረው ቀዳማዊ አሜንሆቴፕ የመንደሩ ጠባቂ ነበረ። በበዓሉ ቀን ሠራተኞቹ ራሳቸው ካህናት ሆነው ምስሉን በትከሻቸው ይሸከሙታል፤ ተበዳይም ክሱን በፊቱ ያቀርባል። ምስሉ ወደ ፊት ቢራመድ እሺታ፥ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ እምቢታ ይሆን ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እውነትን፥ ፍትሕንና ሥርዐትን በአንድ ቃል የሚያጠቃልለው ማዓት አለ። ማዓትን መጠበቅ የንጉሡ የመጀመሪያ ግዴታ ነበረ።

ይህ ግዴታ የተፈተነው በ3ኛው ራምሴስ ዘመን፥ በነገሠ በ29ኛው ዓመት ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ ነው። ዛሬ በጣልያን አገር በቱሪን ቤተ መዘክር የሚገኘው ፓፒሩስ እንደሚያስረዳው፥ በቡቃያ ወራት ሁለተኛ ወር በ10ኛው ቀን ሠራተኞቹ ደመወዛቸው 18 ቀን ስለ ዘገየ መራባቸውን ተናግረው የጥበቃውን ቅጥር አልፈው ወጡ። በ3ኛው ቱትሞስ ቤተ መቅደስ ኋላ ተቀመጡ፤ ቀጥሎም ታላላቅ ጐተራዎች ወደ ነበሩት ወደ 2ኛው ራምሴስ ቤተ መቅደስ ሄዱ። ልብስ፥ ቅባት፥ ዓሣና አትክልት እንደ ጐደላቸው ገልጸው፥ ነገሩ ለፈርዖንና ለዋናው ሹም እንዲጻፍ ጠየቁ። ያለፈው ወር ደመወዝም ተሰጣቸው። አድማው ግን በዚህ አላበቃም፤ በሌላ ጊዜ በወጡ ጊዜ ምክንያታቸው ረኀብ ብቻ ሳይሆን በዚያ በፈርዖን ስፍራ ግፍ መሠራቱ እንደ ሆነ ተናገሩ።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሠራተኞቹ የንጉሡን ሥልጣን አለመካዳቸው ነው። ይልቁንም አቤቱታቸውን ያቀረቡት በዚያው ሥልጣን ስም፥ በነገሥታቱ ቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጠው ነው። ሃይማኖት የመታዘዝ ማሰሪያ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ስለዚህ ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል፤ ያው ማሰሪያ ገዢውንም ያስር ነበርና።

የሹማምንቱ አእምሮ ግን በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። ዋናው ሹም ቶ በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ የመጣው ለንጉሡ የ30 ዓመት በዓል የአማልክትን ምስሎች ለመውሰድ ነው። ወደ ሠራተኞቹ ሳይሄድ፥ ጐተራው ባዶ ቢሆንም የተገኘውን እንደ ሰጣቸው መልእክት ላከ፤ የተሰጣቸውም የደመወዛቸው እኩሌታ ነበረ። ይህን 42 ሜትር ያህል ርዝመት ካለውና ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መዘክር ከሚገኘው ታላቁ የሃሪስ ፓፒሩስ ጋር ማነጻጸር ይገባል። እርሱ 3ኛው ራምሴስ ለቤተ መቅደሶች የሰጠውን መሬት፥ ከብት፥ እህልና ሰው በዝርዝር ይቈጥራል። ሁለቱ ጽሑፎች ስለ አንድ ንጉሥ ይናገራሉ፤ አንዱ ለአማልክት የተሰጠውን፥ ሁለተኛው ለሰው ያልተሰጠውን ይመዘግባል።

ውጤቱም ቀስ በቀስ ታየ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ9ኛው ራምሴስ ዘመን ስለ መቃብር ዘረፋ ምርመራ ሲደረግ፥ ከተያዙት መካከል የዚሁ መንደር ሠራተኞች ተገኙባቸው። አባቶቻቸው በቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጠው መብታቸውን በንጉሡ ስም ጠይቀው ነበር፤ ልጆቹ ግን ከመጠየቅ ይልቅ መውሰድን መረጡ። መንግሥቱ ያን ጊዜ ከወርቁ ይልቅ የከበረውን አጥቶ ነበር፤ ይኸውም የሰፈረው እህል በሰዓቱ ይደርሳል የሚለው እምነት ነው።