ቢራቢሮዎችንና ወለላ ቀሳሚ ወፎችን ወደ ግቢ የሚስቡ አበቦች

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የደጋውና የወይና ደጋው መስክ በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል። በዚህ ወቅት ቢራቢሮውም፣ ንቡም፣ ከአበባ ወለላ የሚቀስሙት ትንንሽ ወፎችም ምግብ አያጡም። ችግሩ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ሰብሉ ተሰብስቦ፣ መስኩ ደርቆ፣ ቃርሚያውን ከብት ሲግጠው አበባ የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ይሆናሉ። እነዚህን ፍጥረታት ዓመቱን ሙሉ በግቢው ማየት የሚሻ ሰው እንግዲህ ከአበባው ውበት በፊት አበባው የሚፈነዳበትን ወር ማወቅ ይኖርበታል።

የተከዜን ስም የያዘችው ወፍ

ስለ አበባ አትክልት በውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ደጋግመው የሚያነሡት ሀሚንግበርድ የተባለችውን ወፍ ነው። ሀሚንግበርድ የምትኖረው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ስለሆነ በአገራችን አትገኝም። በእኛ አካባቢ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠሩት ቀጭንና ጎበጥ ያለ ምንቃር ያላቸው፣ ወንዶቹ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ላባ የለበሱ ሌሎች ትንንሽ ወፎች ናቸው። የሁለቱ ወገኖች መመሳሰል የመጣው ከዝምድና ሳይሆን ከአኗኗር ነው፤ ሁለቱም ከአበባ ውስጥ ወለላ ይጠጣሉ።

ከእነዚህ ወፎች አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ የተከዜን ወንዝ መጠሪያ ይዛለች። ስሙ የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሆን የምትኖረውም በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ወንዱ በጥላ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል። ከጅራቱ መካከል ሁለት ረዣዥም ላባዎች ይወጣሉ። ሴቷ ግራጫማ ቡናማ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ልብ አትባልም።

ለአትክልተኛው የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። ሀሚንግበርድ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ትጠጣለች። የእኛዎቹ ወፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በግንዱ ወይም በቅርንጫፉ ላይ አርፈው ነው የሚቀስሙት። በመሆኑም ወፏን የሚሸከም ጠንካራ አገዳ ያለው ተክል መምረጥ ያስፈልጋል።

ለወፎች የሚስማሙ ተክሎች

ወለላ ቀሳሚ ወፎች ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን፣ እንደ ቱቦ ረዘም ያሉ አበቦችን ያዘወትራሉ። ንብ ቀይ ቀለምን በደንብ ስለማትለይና ምላሷም እስከ ቱቦው መጨረሻ ስለማይደርስ የእነዚህ አበቦች ወለላ በአብዛኛው ለወፎቹ ይቀራል።

እንዲህ ያሉ ተክሎችን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እሬት ድርቅን ይችላል፤ ከሥሩ የሚወጡትን ትንንሽ ቡቃያዎች ነቅሎ መትከል ይቻላል። ኮርች በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ሲሆን በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ያወጣል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ስለሚጸድቅ ገበሬው ለአጥር ሲጠቀምበት ኖሯል። ቀይ አበባ ያለው እሾሃማው ኮሸሽላም እንዲሁ አጥር ይሆናል። ራስ ክምር በአገዳው ዙሪያ ደረጃ በደረጃ የሚደረደር ብርቱካናማ አበባ ስላለው ወፎች በብዛት ይጎበኙታል፤ በዘርም ይበቅላል። ከውጭ ከገቡት ደግሞ በከተሞች መንገድ ዳር የሚታየው፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ቀይ አበባ ያለው ቦትልብራሽ ለወፎቹ ተስማሚ ነው።

ቢራቢሮ አበባም ቅጠልም ይፈልጋል

የቢራቢሮ ጉዳይ ከወፎቹ ይለያል። ክንፍ ያወጣው ቢራቢሮ ወለላ ይጠጣል፤ ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል ግን የሚበላው ቅጠል ነው። የየዝርያው ትል ደግሞ የለመደው ቅጠል አለው። አበባ ብቻ የተተከለበት ግቢ ቢራቢሮን ለአፍታ ያስተናግዳል፤ የትሉ ቅጠል ያለበት ግቢ ግን ቢራቢሮን ያራባል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሎሚና በብርቱካን ላይ እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጥቁር ክንፉ በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠው ትልቅ ቢራቢሮ ነው። ትሉ በሕፃንነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነካ ከራሱ ላይ ሽታ ያለው ብርቱካናማ ቀንድ መሳይ ነገር ብቅ ያደርጋል። ያደገ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይጎዳም። ችግኝ ላይ ከተገኘ ግን ትሉን በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ይበቃል።

በቆላማ አካባቢዎች በሚበቅለው ጦቢያ ላይ የሚያድገው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ሌላው ምሳሌ ነው። ትሉ ከተክሉ የሚያገኘው መርዝ በአካሉ ስለሚቆይ ወፎች ቢራቢሮውን ይሸሹታል። የጦቢያ ወተት ዓይንን ስለሚጎዳ ግን ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ መትከል አይመከርም። ሰሃራን አቋርጦ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሰው ቢራቢሮ ደግሞ እንደ ደንደር ባሉ እሾሃማ አረሞች ላይ ይራባል። በአጥር ጥግ ጥቂት አረም መተው ለእርሱ መጠለያ ይሆናል።

ለአዋቂው ቢራቢሮ ወለላ የሚሰጡት ወፎቹ ከሚወዷቸው ቱቦ መሳይ አበቦች ይልቅ ማረፊያ ያላቸው ጠፍጣፋ አበቦች ናቸው። አደይ አበባ፣ መጭ፣ ግራዋ፣ የሱፍ አበባና ዚኒያ ከእነዚህ ይመደባሉ። ቅጠለ ብዙ ተደርገው የተዳቀሉ አበቦች፣ ብዙዎቹን የጽጌረዳ ዓይነቶች ጨምሮ፣ ለዓይን ቢማርኩም የሚሰጡት ወለላ አነስተኛ ነው፤ ቢኖርም ለመድረስ ያስቸግራል።

የወፍ ቆሎ ቢራቢሮን በብዛት እንደሚስብ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየቦታው ስለሚበትኑት የግጦሽ መሬትን የሚወርር መጤ ተክል ሆኗል፤ ቅጠሉም ከብትን ይመርዛል። ስለሆነም ባይተከል ይመረጣል።

አበባ ከወቅት ወቅት እንዳይቋረጥ

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉትን ወራት አደይ አበባ፣ መጭ፣ ኑግና ራስ ክምር ይሸፍኗቸዋል። በበጋው ወራት ግራዋና ኮርች ተራውን ይረከባሉ። ግራዋ የጠላ ዕቃ ለማጠብ ስለሚፈለግ በብዙ ጓሮዎች አለ፤ ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ የተወሰነው እንዲያብብ መተው በቂ ነው። በሶብላና እንስላልም ለወጥና ለቅመም ከሚቀጠፉት መካከል ጥቂቱ አበባ እስኪይዝ ቢቆይ ለብዙ ነፍሳት ምግብ ይሆናል። ከበጋው ማብቂያ እስከ ክረምት መግቢያ ያለውን ጊዜ ውኃ እያጠጡ በሚያቆዩዋቸው እንደ ዚኒያና የሱፍ አበባ ባሉ ተክሎች መሙላት ይቻላል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለዚህ ያገለግላል።

አተካከልና እንክብካቤ

ቢራቢሮ ክንፉን ለማሞቅ ፀሐይ ይሻል። አበቦቹ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝና አጥር ወይም ግድግዳ ከነፋስ በሚከልለው ቦታ ቢተከሉ ይመረጣል። አንድ ዓይነት ተክል በየቦታው ተነጣጥሎ ከሚቆም ይልቅ አምስት ስድስቱ በአንድነት ቢተከሉ ከሩቅ ይታያሉ። ዘር የሚዘራው ዝናቡ ሲይዝ በሰኔ ነው። ግቢ የሌለው የከተማ ነዋሪ በሶብላን፣ እሬትንና ዚኒያን በባልዲ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ በረንዳ ላይ ማሳደግ ይችላል። ጠጠር የተደረገበት ጎድጓዳ ሳህን በጥቂት ውኃ ተሞልቶ ቢቀመጥ ንቦችና ወፎች ይጠጡበታል፤ ውኃው የትንኝ መራቢያ እንዳይሆን በየቀኑ መለወጥ አለበት። በተክሎቹ መካከል ያለውን የሸረሪት ድር ሁሉ መጥረግም አያስፈልግም፤ ወለላ ቀሳሚ ወፎች ተንጠልጣይ ጎጇቸውን የሚያስሩት በእርሱ ነው።

ስለ ፀረ ተባይ ጥንቃቄ

ለጎመንና ለቲማቲም የሚረጭ ፀረ ተባይ ጎጂውንና ጠቃሚውን ነፍሳት አይለይም። ወለላ ቀሳሚ ወፎችም ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳትና በሸረሪት ስለሆነ ነፍሳቱ ሲጠፉ ጫጩቶቹ ይራባሉ። ጉዳቱ ወደ ማሳውም ይሻገራል። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ የመያዝ አቅሙ ደካማ በመሆኑ ብናኙን ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሱለት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ያስፈልጉታል። በአበባው ወቅት ነፍሳት የጠፉበት የኑግ ማሳ ምርቱ ይቀንሳል፤ የጎረቤት ቀፎም ማር ያጣል።

በጓሮ አትክልት ላይ ተባይ ሲታይ በቅድሚያ በእጅ መልቀምን፣ ክሽክሽ የመሳሰሉትን ደግሞ በጥቂት ሳሙና በተበጠበጠ ውኃ ማጠብን መሞከር ይገባል። ኬሚካል መርጨት የግድ ከሆነ በፈነዳ አበባ ላይ አለመርጨት፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ ምሽት ላይ መርጨት፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን አለማለፍ፣ ለንብ አናቢ ጎረቤትም ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የትኛው ኬሚካል ለየትኛው ተባይ እንደሚውል ለማወቅ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይቻላል።