«አይጎዳም» የተባለው የዛፍ እባብ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው ፈረስ መጋላ ትርጉሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረሱ ቀርቶ ባጃጁ ነው የሚርመሰመስበት። የእባብ ታሪክ ከገበያ መጀመሩ ግር ይል ይሆናል፤ ግን የአገራችንን እንስሳት ለአውሮፓ ሙዚየሞች የሰበሰቡ ተጓዦች ከባሕር ሲመጡ አንዱ መግቢያ በራቸው ሐረር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1900 ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ከዘይላ ተነስተው፣ ራስ መኮንን በሚያስተዳድሯት ሐረር አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። አንድ የኢትዮጵያ እባብ እስካሁን በኤርላንገር ስም ይጠራል።

በዚያ ዘመን ሙዚየሞች እባብን የሚመድቡት በጥርሱ ነበር። የብሪታኒያ ሙዚየሙ ቡላንዤ እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መዝገብ፣ የመርዝ ጥርሳቸው ከአፋቸው ኋላ ያለ እባቦችን ለብቻ አስቀመጣቸው። ምደባው ለሥራ የሚመች ነበር። ችግሩ የመጣው ከአጉል ግምት ነው፦ «ጥርሱ ኋላ ከሆነ ሰው ላይ አይደርስም» ተባለ።

ከእነዚህ አንዱ ቡምስላንግ ነው፤ ስሙ በአፍሪካንስ «የዛፍ እባብ» ማለት ነው። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ እስስትና ወፍ አዳኝ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ይኖራል። ወንዱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ፣ ሴቷ ቡናማ ናት። ለሰው መርዝ የሌላቸው ሌሎች ቀጫጭን አረንጓዴ እባቦችም ስላሉን፣ በቀለም ብቻ መለየት አያዋጣም።

እስቲ የካርል ሽሚትን ነገር እንየው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1957 ቺካጎ ውስጥ፣ የ67 ዓመቱ የእባብ ሊቅ አንድ ጫጩት ቡምስላንግ ሲመረምር አውራ ጣቱን ነደፈው። የገባው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር። ሽሚት ብዙም አልደነገጠም፤ የሚሰማውን በሰዓት በሰዓት ይጽፍ ጀመር። ማግስቱን ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ጀርመናዊው ሮበርት ሜርተንስ በሌላ ቀጭን የአፍሪካ ዛፍ እባብ ተነድፎ ሕይወቱ አለፈ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ እባብ ያጠኑ ሰዎች ናቸው!

መርዙ የሚሠራው ተንኮል አለው። የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችን አነሳስቶ ያስጨርሳቸዋል፤ ከዚያ ደም አልረጋም ብሎ ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከውስጥም ይፈሳል። ይህ ሁሉ እስኪታይ ሰዓታት ያልፋሉ፤ የተነደፈው ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፣ መሄድ ግን የለበትም። ለብዙ እባቦች የሚሰጠው የተለመደ ፀረ መርዝም እዚህ አይሠራም። ለቡምስላንግ ለብቻው የተዘጋጀው የሚመረተው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚገኘውም መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየተወጋ ከለመደ ፈረስ ደም ነው።