ሳያውቁት የሚሄዱበት አገር

ሰው አይቶት ወደማያውቀው ሞቃት አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጓዝ ሲነሳ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። አየሩ እንዴት ነው? ውሃው ይጠጣል ወይ? በምን ገንዘብ ይገበያያሉ? ማን ይቀበለኛል? ስመለስስ ምን ይዤ እመጣለሁ? ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች ያነሳናቸው እኛ ልንጓዝ ስላሰብን አይደለም። በ1867 እንግሊዞች ስለ እኛ አገር ስለጠየቋቸው ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

መነሻውን አንባቢ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ንጉሡም ቆንስሉን ካሜሮንን ጨምሮ አውሮፓውያንን አሰሩ፤ ለንደንም እስረኞቹን ለማስፈታት ጦር አዘዘች። መቅደላ ሲነሳ ሁላችንም የምንቸኩለው ወደ ሽጉጡ ነው። እኛ ግን ለዛሬ ስንቁን እንመልከት፤ ነገሩ ያለቀው እዚያ ይመስለናልና።

የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ተነሺነቱ ከቦምቤይ ነው፤ አገራችንን አያውቃትም። ስለዚህ በመጀመሪያ ንባብ ሆነ። ቀደም ብለው የመጡ ተጓዦች የጻፉት የመንገድ ዝርዝር በለንደን ተሰብስቦ ታተመ። በእንግድነት ገብተው የጻፉት ሁሉ የጦር መንገድ መሪ ሆነ ማለት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የኖረው ሚሲዮናዊው ክራፕፍም በአስተርጓሚነት ተጠርቶ መጣ።

ቀጥሎ ውሃ። ጦሩ የወረደበት የዙላ ዳርቻ ደረቅ ነው። መርከቦቹ የባሕሩን ውሃ አፍልተው እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ የሚጠጣ ውሃ አወጡ። እንዲያም ሆኖ ብዙ የጭነት ከብት በጥምና በበሽታ አለቀ። ከዳርቻው እስከ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ መጡ።

ከዚያ ገንዘብ። ባላገሩ ፓውንድም የህንድ ሩፒም እንደማይቀበል አውቀው ነበር። የሚፈልገው የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር፣ ያውም 1780 የሚል ዓመት ያለበትን ነው። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከሞተች ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ቪየና ላይ ጠገራው በብዛት ተመትቶ ወደ ዙላ ተጫነ። ጦሩ እህሉንም ገብሱንም በብር እየገዛ ወጣ።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ግን «ማን ይቀበለኛል?» የሚለው ነበር። 13 ሺህ ያህል ወታደር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ሲቆርጥ መንገድ የሚዘጋበት ቢነሳ ጠገራውም ዝሆኑም ዋጋ አልነበረውም። ናፒየር በየካቲት 1868 ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ጋር ተገናኘ። የመጣሁት ለእስረኞቹ ነው፣ አገር ልይዝ አይደለም አለ። መንገዱም ተከፈተለት። ካሣ ጦሩ ሲመለስ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ።

በዚያው ወራት ሌላ ጉዞ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ በገዛ እጃቸው ጭምር ድንጋይ እያነሱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። ንጉሡ መልክአ ምድሩን ከናፒየር ይበልጥ ያውቁታል፤ አገራቸው ነው። ነገር ግን በዘረፋና በቅጣት የመረረው ገበሬ ሸሽቷቸዋል፤ ባላባቱ ሸፍቶባቸዋል። እንግዳው አስተናጋጅ ሲያገኝ ባለቤቱ አጣ። እኛ ከመቅደላ የምንማረው ይህንን ነው፤ ለጀግንነታቸው ያለንን ክብር አንዲት ጠብታ ሳንቀንስ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ወደቀች። ያን ጊዜ የመጨረሻው ጥያቄ ተመለሰ። ለካ እሱም ቀድሞ ታስቦበት ኖሯል፤ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር የመጣው ለዚሁ ነው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ፤ በ1879 ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

የዐፄ ቴዎድሮስ የተቆረጠ ፀጉር በ2019 ተመልሷል። የልጃቸው አፅም ይመለስ የሚለው ጥያቄ ግን በ2023 ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢታ ገጠመው። እስረኛ ለማስፈታት የመጣው እንግዳ የኛን ልጅ እስካሁን አልመለሰም። ስለዚህ አንድ እንግዳ በራችንን ሲያንኳኳ ለምን እንደመጣ ብቻ አንጠይቀው። ለመመለሻው ስንት ባዶ በቅሎ እንደያዘም እንቁጠር።