የእረኛ ቃል፤ ስለ አቡነ ጴጥሮስ ውሳኔ

ሹመት የሰውን ባሕርይ አይለውጠውም፤ ተሰውሮ የነበረውን ይገልጠዋል እንጂ። በጸጥታ ዘመን ሹም ሁሉ ጻድቅ፣ እረኛም ሁሉ ትጉህ ይመስላል፤ ተኵላ በመጣ ጊዜ ግን እረኛውና ምንደኛው ይለያያሉ። ጌታችን በወንጌል ያስተማረንም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሕዝብን የሚመራ ሰው በጭንቅ ሰዓት እንዴት ሊፈርድ እንደሚገባው ለመመርመር የሚወድ አንባቢ፣ ከአራዳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ የቆመውን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አይቶ የታሪኩን ምክንያት ቢጠይቅ ብዙ ትምህርት ያገኛል።

ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ለአገራችን ጳጳስ ይመጣ የነበረው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ፤ እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ሕዝቡ በቋንቋው የሚያስተምረው፣ ኀዘኑንና ደስታውን የሚያውቅለት የወገኑ ጳጳስ በማግኘቱ ደስ አለው። ከዚህም የተነሣ የእነዚህ አባቶች ቃል በሕዝቡ ዘንድ ከፍ ያለ ክብደት ነበረው። ይህን ክብደት ጠላትም አውቆት ነበር።

የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ነበርና በሰላሌ ከነበሩት አርበኞች ጋር ተባበሩ። ሐምሌ 21 ቀን የልዑል ራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን የመሩት ጦር፣ ሌሎችም አርበኞች ከየአቅጣጫው፣ ከተማይቱን ለማስለቀቅ ዘመቱ። ነገር ግን የክረምቱ ዝናምና የወንዙ ሙላት መንገዱን አከበደው፤ የሚላላኩበትም መሣሪያ ስላልነበራቸው በአንድ ሰዓት ሊገጥሙ አልቻሉም። ጦሩ ሳይቀናው ተመለሰ፤ አቡነ ጴጥሮስም በከተማው ውስጥ በጠላት እጅ ወደቁ።

የተጠየቁት ነገር ለሚሰማው ቀላል ይመስላል፤ አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡንም ለኢጣልያ መንግሥት ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ ነበር። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን ገዘቱ፤ ምድሪቱም ሳትቀር እንዳትቀበለው አወገዙ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

እንግዲህ ነገሩን እንደ ቅኔ እንመርምረው። ቅኔን የተማረ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ለአቡነ ጴጥሮስ የቀረበው ቃል ሰሙ ሰላም ነበር፤ ደም አይፍሰስ፣ ቤተ ክርስቲያን አትቃጠል፣ ገበሬውም ይረስ የሚል ነው። ለጳጳስ ከዚህ የሚበልጥ ምን የሚያጓጓ ቃል አለ? ወርቁ ግን ሌላ ነበር፤ ግፍን በመስቀል ባርክልን፣ ሕዝቡ የሚያምንህን እምነት አሳልፈህ ስጠን የሚል ነበር። የክፉ ፈተና ጠባዩ ይህ ነው፤ ክፋት በራሱ መልክ መጥቶ ቢሆን ማንም በሸሸው፤ የሚያስተው የበጎ ነገር ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው።

ምናልባት አንድ አስተዋይ ሰው ይህን ይጠይቅ ይሆናል፤ ጳጳሱ ለጊዜው እሺ ብለው ነፍሳቸውን ቢያተርፉ፣ ኋላም በስውር ሕዝቡን ቢረዱ አይሻልም ነበርን? ደግሞስ ተዋጉ ብሎ መገዘት የሌላውን ሰው ደም ማስፈሰስ አይደለምን? ይህ ጥያቄ የማይናቅ ነው፤ በእርግጥም ብዙ አርበኛ በየዱሩ ወድቋል። ነገር ግን ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የጳጳስ ቡራኬ የጳጳሱ የግል ገንዘብ አይደለም፤ በአደራ የተቀበለው ነው። ነፍሱን ለማዳን አደራውን የሚሸጥ ሰው የራሱ ያልሆነውን ይሸጣል። ሁለተኛው፣ አቡነ ጴጥሮስ በሌላው ጫንቃ ላይ የጫኑትን ሸክም አስቀድመው ራሳቸው ተሸከሙት። ሂዱ ሙቱ ብሎ በሰገነት መቀመጥ ሌላ ነው፤ ፊት ሞቶ ቃሉን ማተም ሌላ ነው።

የሰሙ ወርቅ ምን እንደ ነበረም ዓመት ሳይሞላ ተገለጠ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. አበራና አስፋ ወሰን ሕይወታችሁ ይጠበቃል ተብለው እጃቸውን ቢሰጡ በፍቼ ተገደሉ። በዚያው ዓመት አቡነ ሚካኤል በጎሬ በጥይት ሞቱ። በየካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀኖች የአዲስ አበባ ሕዝብ በየቤቱና በየጎዳናው ታረደ። በግንቦት ወር ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ የተጠጉበት የደብረ ሊባኖስ ገዳም ማኅበር ተፈጀ። ግራዚያኒ ራሱ ለአለቆቹ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን፣ በኋላም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስታወቀ፤ በኋላ ዘመን የመረመሩ ጸሐፊዎች ግን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ የበዛ መሆኑን ጽፈዋል። ተገዝቶ መትረፍ ይቻላል የሚለው ተስፋ በዚያ ሸለቆ አብሮ ተቀበረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1930 ዓ.ም. ጠላት ቤተ ክርስቲያናችንን ከእስክንድርያ ለይቶ አቡነ አብርሃምን በራስነት ሾመ፤ እርሳቸውም ሹመቱን ተቀበሉ፤ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አወገዛቸው። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነውና በሽማግሌው አባት ነፍስ ላይ መፍረድ የእኛ ፋንታ አይደለም። ሥራው ግን ያስተምረናል፤ በአንድ ቀን አንድ ማዕርግ የተቀበሉት ሁለት አባቶች በመከራ ሰዓት መንገዳቸው ተለያየ። ስለዚህ እውቀት ብቻ፣ ማዕርግም ብቻ ለትክክለኛ ፍርድ አይበቃም፤ አስቀድሞ በልብ የተቈረጠ ነገር ያስፈልጋል።

ከሐውልቱ ወደ ምዕራብ ጥቂት ለሚራመድ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም ገበያው ነው። ቀድሞ ታላቁ ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጠላት ግን ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር እንዳይኖር ሕግ አውጥቶ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረ፤ ያገሬው ሰው ገበያ ብሎም ሰየመው። መርካቶ የሚለው ስም በኢጣልያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሰላም ነው ብለው እንዲባርኩት የተጠየቁት ሥርዐት ሰውን በቆዳው ለይቶ የሚያሰፍር ሥርዐት ነበር። ነገር ግን የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው፤ ለመለያየት የተሠራው ሰፈር የመገናኛ ሰፈር ሆነ። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በጉርብትና ቆመውበት፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ሌላውም ወገን ሁሉ ይነግድበታል።

ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ስለ ባቡር መንገድ ሥራ ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ድንጋይ ይነሣል፣ ይመለሳልም፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አይመለስም። ይህ ነገር ለጳጳስና ለመስፍን ብቻ የተነገረ አይደለም። የደብር አለቃ በማኅተሙ፣ ዳኛ በፍርዱ፣ የእድር ሹም በሕዝብ ገንዘብ፣ ነጋዴም በሚዛኑ በየዕለቱ ይፈተናል። ወረቀት ቀርቦለት ፈርም ሲባል፣ ሰሙ ምንድር ነው፣ ወርቁስ? ይህ ስም የእኔ ብቻ ነውን ወይስ የሚያምኑኝ ሰዎች አደራ ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ብሎ ይጠይቅ። እነዚህን በቀላል ቀን መመለስ የለመደ ሰው በጭንቅ ቀን አይናወጥም። አቡነ ጴጥሮስ መልሱን ለመፈለግ ጊዜ አልነበራቸውም፤ አስቀድመው ይዘውት ነበርና።