የአንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ረጅም ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1856 ጉስታቭ ክራትዝ የተባለው ወጣት ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ፣ ስለ አገሩ ነፍሳት በሚዘጋጀው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ ርዝመቷ ከአራት ሚሊሜትር ገደማ የማያልፍ አንዲት ጥንዚዛ መዝግቦ ኮሪያሪያ የሚል ስም አወጣላት። በዚያው ዓመት በበርሊን የነፍሳት አጥኚዎች ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገውም እርሱ ነው። ማኅበሩ ሲጸና የጥንዚዛዪቱ የወገን ስም ግን አልጸናም። በመጀመሪያ ሆማሎታ፣ ቀጥሎም አቴታ ተባለች። ዛሬ የምትመደብበትን ዳሎሺያ የተባለውን ወገን እ.ኤ.አ. በ1910 የመሠረተው አሜሪካዊው የጦር መኮንን ቶማስ ኬዚ ነው።

ጥንዚዛዪቱ የላይኛው ክንፏ አጭር በመሆኑ ሆዷ አብዛኛውን ሳይሸፈን ይታያል። መኖሪያዋ ፍግ፣ ብስባሽና እርጥብ አፈር ነው። እነዚህም የሰው ልጅ በሰፈረበት ሁሉ የማይታጡ ናቸው። ዛሬ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ፣ እንዲሁም በሌሎች በርካታ የዓለም ክፍሎች ትገኛለች። ስለዚህ ስሟ በጀርመን መውጣቱ ብቻ የትውልድ አገሯ ጀርመን ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለግብርና ያላት ጥቅም የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚለርና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች የዝንቦችንና ፍሬ የሚያበላሹ ጥንዚዛዎችን እንቁላል እንደምትበላ በጥናት አሳዩ። እጯም እንደ እናቷ አዳኝ ናት። በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ጥንዚዛነት የምትደርሰው በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በዚህም የተነሣ ድርጅቶች እያራቡ በመስተዋት ቤት ውስጥ አትክልትና አበባ ለሚያመርቱ ገበሬዎች ይሸጧት ጀመር። አስቀድሞ ሳይታሰብ ከፍግና ከአፈር ጋር ትጓዝ የነበረችው ነፍሳት እነሆ በዕቃ ታሽጋ፣ ዋጋ ተተምኖላት ትላክ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ራሷን ከጉንዳን የምትከላከልበትን ዘዴ ገለጠ። በሆዷ ላይ ባለው ዕጢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንዱ መርዙን፣ ሌላው መርዙ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ያዘጋጃል። አንዱ ያለ ሌላው ረብ የለውም።

ሆኖም አዳኝ ወዳጅና ጠላትን አይለይም። ጥንዚዛዪቱ ለሰብል ጥበቃ የሚለቀቁ ሌሎች ጠቃሚ ፍጥረታትንም ትበላለች። በመርዝ ፈንታ ሕያው አዳኝ መልቀቅ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን መርዝ ሲረጩት ይቀራል፣ አዳኝ ሲለቁት ይራባል። ስለሆነም ከመልቀቅ በፊት በቦታው የሚኖረውን ጠንቅቆ ማወቅ የባለሙያ ግዴታ ነው።